ጤና አዳሙን ያቃጠለው

አክስቴ ከጓሮዋ ስታባርረኝ፣ ጤና አዳሙን ያቃጠለችው ራሷ መሆኗን ታውቅ ነበር?

መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ታውቅ ነበር ስል ደሜ ይፈላል። አታውቅም ነበር ስል ደግሞ ንዴቴ የሚወድቅበት ሰው ያጣና መልሶ እኔው ላይ ያርፋል። እንዳልጠይቃት አፈር ከለበሰች ቆይታለች። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ፣ ባየሁት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ጓሮው ከጎረቤላ ከተማ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ቆላ መጠማዘዝ ሲጀምር ከድንጋይ ካብ በላይ ነበር። እናቴ ስትሞት አባቴ ለእህቱ ሰጠኝ። አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ ስለዚህ በእኔ የሚያግዛት እጅ አገኘች። ትምህርት ቤት ላስገባት ወይ ብሎ ባሏ አንድ ጊዜ ጠይቋት ነበር። "እሷ ተማሪ ቤት ስትውል ማን ይኮተኩትልኛል?" አለችው፤ ወሬው በዚያው አለቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ አልከፋኝም። ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም ነበርና ከቅጠል ጋር መዋል ተስማምቶኝ ነበር። ጤና አዳም በአጥሩ ሥር፣ በሶብላ በመካከል፣ ኮሰረት ከካቡ ተጠግቶ፣ ጦስኝ ደግሞ ውኃ በማይቆምበት ተዳፋት ላይ። ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ የቱ ጋ እንደቆምኩ ከጠረኑ አውቅ ነበር። የሠፈሩ ሰው በርበሬ ሲያሰናዳ በሶብላውን ከእኛ ነበር የሚወስደው። ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ጤና አዳም ፍለጋ የሚመጣው ወደ እኛ ነበር።

የከብቱ እበት ወደ ጓሮ አይገባም። በእኛ አገር ብርድ ነው፣ እንጨት የለም፤ እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለጓሮ የሚተርፈው የበግ በጠጥና የምድጃ አመድ ነው። በጠጡን ከገለባ ጋር ከጋጣው ጥግ እንከምረዋለን፤ ክረምቱን ሲበሰብስ ይከርምና ሲነኩት የሚፈረፈር፣ ጥቁር፣ ክፉ ሽታ የሌለው ነገር ይሆናል። ያንን ነበር በየተክሉ ሥር በእጄ የማስታቅፈው። ቅጠሉ ሰፊ አይሆንም፤ ሽታው ግን ነጠላዬ ላይ ገብቶ ታጥቦም አይለቅም ነበር።

አጥሩ በር ላይ አንድ ልማድ ነበር። ወደ ጓሮ የምትገባ ሴት ሁሉ "ንጹህ ነሽ?" ተብላ ትጠየቃለች። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ከገባች ጤና አዳሙ ይደርቃል፣ በሶብላውም ሽታው ይጠፋል ይባላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሳይ አክስቴ የነገረችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ ምን ላድርግ ስል አልነገረችኝም፤ "በእነዚያ ቀኖች አጥሩን እንዳታልፊ" ነው ያለችው። አላለፍኩም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አንድም ቀን አላለፍኩም።

በዚያ ዓመት የአክስቴ ባል ለስንዴው ማዳበሪያ አመጣ። ዳፕ የሚሉት ጥቁሩም፣ ዩሪያ የሚሉት ነጩም መጣ። ጥቁሩ ሲዘራ ከዘሩ ጋር ገባ፤ ነጩ ስንዴው ሲያቆጠቁጥ ተበተነ። ዝናቡም በጊዜው ጣለለትና ስንዴው ሰው ቆሞ እስኪያየው ድረስ ለመለመ። አክስቴ ማጀት ሆና ማሳውን በበሩ እያየች "ምነው ይሄ ነገር ለጓሮዬስ?" ስትል ሰምቻታለሁ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጤዛው ገና ቅጠሉ ላይ እንዳለ፣ ከነጩ ማዳበሪያ ከረጢት በጣሳ ቀድታ ጓሮ ገባች። ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ከላይ በተነችው። ጤና አዳሙ ላይ ብዙ አደረገችበት፤ የምትወደው እሱን ስለነበር።

ይህን ያየሁት ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ነው። እበት እየጠፈጠፍኩ ነበር። ጓሮ ያልገባሁት ቀኖቼ ስለነበሩ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጤና አዳሙ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆነ። በሶብላው ላይ ደግሞ ነጭ ፍሬው ያረፈበት ቦታ ሁሉ በሲጋራ የተተኮሰ መሰለ። ኮሰረቱ ብዙም አልተጎዳም፤ ከካቡ ሥር ስለነበር አልደረሰውም። ጎረቤቶቻችን ለበርበሬ ቅጠል ሊወስዱ መጥተው ቆመው አዩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ አፏ የማያርፍ፣ መጀመሪያ እኔን ከዚያ አክስቴን አየች።

"ምን ገብቶበት ነው?" አለች።

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ገብተሽበታል?"

"አልገባሁም።"

"ቀኖችሽ ነበሩ አይደል?"

በሰው ፊት ነው የጠየቀችኝ። አቀረቀርኩ። "ነበሩ፤ ግን አልገባሁም። እበት ነበር የምጠፈጥፈው። እርስዎም አይተውኛል።"

"ታዲያ ይሄን ማን አደረገው? ሰማዩ?"

ጎረቤቲቱ ሳቀች። "ልጅት ሳታውቀው አልፋ ይሆናላ። ደግሞ እንደዚህ የሚያነድድ ደም አይቼ አላውቅም፣ የእግዜር ያለህ!" አለች፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ነጩን ነገር አየሁት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ነጩ ነገር ስንዴውን ያለመለመው ነው፤ ያለመለመ ነገር ያቃጥላል ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው፤ በራሳቸው ሕግ እንኳ ጥፋተኛ አልነበርኩም። ሕጋቸውን ጠብቄ ከአጥር ውጭ ቆሜ ነበር። ግን ተክል ሲደርቅ የሚጠየቀው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የማዳበሪያ ከረጢት አይጠየቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮው ለእኔ ተዘጋ። በቀኖቼ ብቻ አይደለም፤ ለሁልጊዜ። አክስቴ ዱላ አላነሳችም፤ አልተሳደበችም፤ በሩን በእሾህ ዘግታ ኩትኳቶውን ለሌላ ሰው ሰጠች። እኔ እበትና ውኃ ብቻ ቀሩኝ። ወሬው ግን ከጓሮው ወጣ። ሰርግ ቤት በርበሬ ሲሰናዳ ቁጭ ብዬ በሶብላ ልቀነጥስ እጄን ስዘረጋ "አንቺ እዚያ ነጭ ሽንኩርቱን ላጪ" ተባልኩ። ሕፃን ታሞ ጤና አዳም ሲፈለግ "እሷ እንዳታመጣው" ሲባል ሰማሁ። በመንገድ ሳልፍ ጓሯቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴቶች ነበሩ፤ ቀልድ አስመስለው ነው የሚያደርጉት፣ ግን ይሸፍናሉ። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ነኝ። ዝምተኛ ሰው ላይ የተጣበቀ ስም አይለቅም፤ የሚፍቀው የለማ።

ፊደል መቁጠር ስጀምር ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ሄጄ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ቤት ሱፍ መለየት ጀመርኩ፤ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ታናሽ እህቶቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች መካከል ተቀምጬ "ሀ" አልኩ። ቀስ ብዬ ነው የምማረው፤ ግን አንድ ነገር ካልገባኝ አልፌው አልሄድም። መምህሮቼን ያስመርራቸው የነበረው ይሄው ነው። አንዱ "እህቴ፣ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ምን ያደርግልሻል?" ይለኝ ነበር። ከትምህርቱ ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱ ነው የያዘኝ። ሙቀት የለውም፣ ሰው የለውም፤ ደስ ይለኛል።

እዚያ ነው ያነበብኩት። ስለ አፈር የተጻፈ፣ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ነበር። ነጩ ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው ይላል፤ በእርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይሟሟና ከቅጠሉ ውኃውን ይስበዋል፣ ቅጠሉ ጫፉ ይቃጠላል፣ ፍሬው ያረፈበትም ይበሳል። ስለዚህ ጤዛ ባለበት ጠዋት አይበተንም፤ ከሥሩ ራቅ ተደርጎ ተቀብሮ አፈር ይለብሳል። ሁለት መስመር ነው ጠቅላላው። ሰው እፎይ ያልኩ ይመስለዋል። እኔ አላልኩም። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁና መንገድ ማዶ ካለው ዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር ቆሜ በብስጭት ተቃጠልኩ። ሁለት መስመር! የእኔን የልጅነት ዘመን ሁለት መስመር ይመልሰው ነበር፤ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው በዚያ ጓሮ በር ቢኖር።

መጽሐፍ ስላለው ብቻ አላመንኩም። የማምነው በእጄ ያየሁትን ነው። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ቢጫ ጀሪካኖች እየቆረጥኩ አፈር ሞላሁና ጤና አዳምና ጦስኝ ተከልኩ። አከራዬ፣ ደግ ሴት፣ ግን ምላሷ የማይቻል፣ "ሰው ጀሪካን ለውኃ አጥቶ ይሰለፋል፤ የእኔዋ ተማሪ ሣር ትተክልበታለች" ትል ነበር። አንዱን በበጠጥ ብስባሽ አሳደግሁ፣ አንዱን በአመድ፣ አንዱን ነጩን ቀብሬ፣ አንዱን እንደ አክስቴ ጤዛ ላይ በትኜ፣ አንዱን ምንም ሳልሰጠው። የአንድ ጊዜ ነገር ማስረጃ አይሆንምና ደገምኩት። ደጋግሜም አየሁ።

ጤዛ ላይ የበተንኩበት ልክ እንደዚያን ጊዜው ተቃጠለ፤ ጫፍ ጫፉ ቡናማ፣ መካከሉ የተተኮሰ። ነጩ የተቀበረለት በልምላሜ ሁሉንም በለጠ፤ ቅጠሉ ሰፋ፣ ቁመቱ መዘዘ። ነገር ግን ጦስኙን አጭጄ በጥላ ሳሰጣው ያ ሁሉ ክምር ሟሸሸ፤ በመዳፌ ሳሸው ሽታው ገለባ ገለባ አለኝ። የበጠጡ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ቅጠሉም ጠበብ ያለ ነበር፤ ሲደርቅ ግን ብዙም አልጎደለም፣ ጣቴ ላይ ቀርቶ ጠዋት ስነሳ እንኳ ይሸተኝ ነበር። አመዱ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አላሳየኝም። ነጩን ጠላቴ አላደርገውም። ናና ላይ ሞክሬው ናናው ወደደው፤ ሽታውም ብዙ አልጎደለም። እንደየተክሉ፣ እንደ መጠኑ፣ እንደ አሰጣጡ ነው። ሰው አንድ ነገር ለስንዴ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል ሲል ነው የሚያስቆጣኝ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ሙከራ ነበረ፤ ለማንም ያልነገርኩት። ቀኖቼ ሲመጡ ሆን ብዬ ወደ ጀሪካኖቹ እሄድ ነበር። ምንም ያልሰጠሁትን ጤና አዳም በእጄ እዳብሰዋለሁ፣ እቀነጥሰዋለሁ፣ ሥሩን እኮተኩታለሁ። በየወሩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ነገም አየዋለሁ፤ ከነገ ወዲያም። ቅጠሉ አልደረቀም። እንዲያውም ኩትኳቶው ተስማምቶት አበበ። ባበበበት ጠዋት ጀሪካኑ አጠገብ ተንበርክኬ ያየኝ ሰው የምጸልይ ይመስለዋል። አልነበረም። ተናድጄ ነበር። የተማርኩ ሴት ነኝ እያልኩ፣ መጽሐፉን እያነበብኩ፣ እጄ ቅጠል እንደማያቃጥል ለራሴ ማስረጃ መፈለጌ አናደደኝ። ያን ያህል ገብቶብኝ ነበር ማለት ነው።

ጊዜው ሄደ። ትምህርቴን ጨርሼ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ። ባለፉት ዓመታት ደብረ ብርሃን ዳር ላይ የጥቂት ሴቶች ማኅበር ቦታ ተሰጥቶት ቅመማ ቅጠል ማልማት ጀመረ፤ እኔም ገባሁ። ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ናና እናበቅላለን፤ በሶብላ ውርጩ አያኖረውም። ጦስኙን አድርቀን ሻይ ለሚያሽጉ ሰዎች እንሸጣለን። ሊቀመንበራችን ቦታውን ቢሮ ለቢሮ ተንከራታ ያገኘችልን ሴት ናት፤ ጉልበቷን አልክድም። የቄስ ሚስት የሆኑ አንዲት እናት አሉ፤ ቀልዳቸው ለሥራ ያበረታናል። ዘንድሮ ደግሞ ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ ከልጆቿ ጋር የምትኖር ሴት ተቀላቀለችን። ገበሬ ናት። መኮትኮቻ ስትይዝ መሬቱ ራሱ የሚታዘዛት ይመስላል። ለሙከራ ተብላ ነው የገባችው፤ ሥራዋ ታይቶ አባል ትሁን ተብሎ። መጠለያው ውስጥ አንድ ክንድ መሬት የላትም፤ "እጄ አፈር ሲነካ ነው ሰው መሆኔን የማውቀው" ብላኛለች። ይህች ቦታ ከተወሰደችባት ሌላ የላትም።

ሊቀመንበራችን በሩ ላይ ትጠይቃለች፤ "ንጹህ ነሽ?" ያው ልማድ። ሌሎቻችን ነኝ ብለን እንገባለን። ይህቺ ሴት መጀመሪያ ስትጠየቅ በሳቅ ፈረሰች። "እኔን ነው ወይስ እግሬን? እግሬማ ጭቃ ነው!" ብላ ገባች። በአገሯ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጓሮ በር ላይ ሰምታ አታውቅም። ሳቋ ግን ተይዞባት ኖሯል።

መስከረም ሲያልቅ ሻይ የሚያሽጉት ሰዎች ማሳውን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። ሊቀመንበራችን ለምልሞ እንዲያዩት ፈለገች። እኔ በሌለሁበት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ነጩን ማዳበሪያ በትናዋለች። ቅዳሜ ማለዳ መጥቼ ከበጠጡ መደብ ጦስኝ ስለቅምና ምንጣፍ ላይ ሳሰጣ ቆየሁ፤ ወደ ሌላው ወገን ስሻገር ሦስቱ የጤና አዳም መደቦችና አንድ የጦስኝ መደብ ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቅጠሉ ሥር ያልሟሟ ነጭ ፍሬ አለ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ሴቶቹ ግን ለጥላ በተወጠረው ሸራ ሥር ተሰብስበው ነበር። መጠለያ የምትኖረው ሴት መኮትኮቻዋን እንደያዘች ከበሩ ውጭ ቆማለች። አልገባችም፤ አላስገቧትም።

"ውርጭ ነው እንዳልል ውርጭ ገና ነው" አለች ሊቀመንበሯ። "ደግሞ ውርጭ ከላይ ያጠቁራል እንጂ እንዲህ አይተኩስም። ስጠይቃት ሳቀች። ሰው ንጹህ ከሆነ ለምን ይስቃል?"

"ልጄ፣ ገብተሽ ከሆነ ነይና ንገሪን፤ አላወቀችም ነበር እንላለን" አሉ የቄሱ ሚስት።

ሴትዮዋ ከበሩ ላይ መለሰች። "ኸረ እሰይ! ቤቴም ተቃጥሏል፤ እሱንም በደሟ አቃጠለችው በሉኛ! እሳቱ ሲመጣ እኔ ጫካ ነበርኩ፣ ልጆቼን ይዤ። ከዚያስ ይሄ ይከብዳል?"

ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሯ ግን አልተበገረችም። "ለእኛም ያለን ይሄው ማሳ ነው እህቴ። ሰዎቹ መጥተው ሲያዩ ምን እንላለን? ለጊዜው ትቆይ፤ ከዚያ እናያለን።"

ለጊዜው ትቆይ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በእሾህ የተዘጋ በር ማለት ነው።

ወደ መደቡ ተመልሼ ነጩን ፍሬ ለቀምኩና መዳፌ ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው። ስለ ጤዛው ነገርኳቸው፣ ስለ ጨውነቱ፣ ተቀብሮ አፈር መልበስ እንዳለበት። እንደ ክፍሌ ተማሪዎች በዝግታ አስረዳሁ።

"ይሄ ለስንዴ ሲሆን የሚያለመልም፣ ለእኛ ሲሆን የሚያቃጥል፣ ምን ዓይነት ነገር ነው?" አለች ሊቀመንበሯ።

"አንቺ ደግሞ ከመጽሐፍ ውጭ ቃል የለሽም" አሉ የቄሱ ሚስት፤ በክፋት አይደለም። "መጽሐፉ ይሄን አፈር አያውቀውም፤ ልጄ። እናቶቻችን ያሉትን ነው እኛ የምናውቀው።"

እዚያ ላይ አንድ ነገር ተበጠሰብኝ። ድምፄ ከፍ አለ፤ ሰምተውት አያውቁም።

"እናቶቻችሁ ያሉትን እኔም አውቀዋለሁ፤ በእኔ ላይ ነው ያሉት!" አልኩ። እናም ነገርኳቸው። ከአጥሩ ውጭ እበት እየጠፈጠፍኩ አክስቴ ጣሳ ይዛ ስትበትን ማየቴን፣ በሰው ፊት መጠየቄን፣ እውነቱን ተናግሬ አለመታመኔን፣ ሰርግ ቤት ነጭ ሽንኩርት ላጪ መባሌን፣ ጓሮ በነጠላ የሚሸፍኑብኝን ሴቶች። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ አላፈርኩም። "ጀሪካን ቆርጬ ተክዬ፣ በቀኖቼ እየዳበስኩ፣ እጄ ቅጠል ያቃጥል እንደሆነ የፈተንኩ ሴት ነኝ። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አያቃጥልም! በየወሩ አይቻለሁ፤ አያቃጥልም!"

"በስመ አብ!" አለች አንዷ።

"ገና አልጨረስኩም። ወደዚህ ማኅበር ከገባሁ ጀምሮ ስትጠይቁኝ ንጹህ ነኝ እያልኩ ነው የምገባው፤ ንጹህ ነኛ! በቀኖቼም ገብቻለሁ። ዛሬም አበባዬ ላይ ነኝ። ከጠዋት ከበጠጡ መደብ ስለቅም ነበር፤ ያውላችሁ፣ እዚያ ምንጣፉ ላይ ተሰጥቷል። ሂዱና አሽትቱት። የተቃጠለውን ደግሞ እዩት፤ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ አልነበርኩም፣ እሷም የዚያን መደብ አፈር አልነካችም። የነካው ማን እንደሆነ የነካው ያውቀዋል።"

 ተናግሬም አልተቀመጥኩም።

የቄሱ ሚስት በቀስታ ተነሱ። ጉልበታቸውን እየያዙ ወደ ምንጣፉ ሄደው፣ ከጠዋቱ ጦስኝ አንዲት ዘለላ አንስተው፣ በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫቸው ላይ አቆዩት።  የተረፈውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሊቀመንበሯ መሬት መሬቱን እያየች ነበር። "ጤዛ መኖሩን ልብ አላልኩም" አለች፤ ከአፏ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። ይቅርታ አላለችም፤ ለሴትዮዋም አላለችም። እስከ ዛሬ በዚህ ተቆጥቼባታለሁ። ግን ወደ በሩ ሄዳ የዘጋችበትን እንጨት አነሳች።

ሴትዮዋ ምንም ጥያቄ ሳትጠየቅ ገባች። አጠገቤ ስትደርስ መኮትኮቻዋን ወደ ትከሻዋ አዘዋውራ፣ "እህቴ፣ ለቅመሽ ያልጨረስሽው መደብ የቱ ነው?" አለችኝ።

አሳየኋት።